ትልቅ ሰው ማወቅ ለላይብረሪ እንዲጠቅም ምን ማድረግ አለባችሁ፦ ከአንቶኒዮ ፓኒዚ የተወሰደ

ይሄን የምጽፈው የትምህርት ቤት፣ የወረዳ፣ የዩኒቨርሲቲ ወይ የቤተክርስቲያን ላይብረሪ ለምትመሩ ነው። በጀት ሲቆረጥ ጣሪያው ሲያፈስ "እኛ ሰው የለን" እንላለን፣ ሰው ያለው ደግሞ ያንን ሰው ለራሱ ሹመት ይጨርሰዋል፣ ላይብረሪው እንደነበረ ይቀራል። እኔ በዚህ ነገር የማደንቀው ፓኒዚን ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለእንግሊዝ እንደ ብሔራዊ ላይብረሪ ያገለግል የነበረውን የብሪቲሽ ሙዚየም ላይብረሪ ያሳደገው ጣሊያናዊ። ብልሃቱ አንድ ነው፦ ከትልቅ ሰው ያገኘውን ሁሉ ወዲያው ወደ ደንብ፣ ወደ በጀት ወይ ወደ ሕግ ይቀይረው ነበር፣ ምክንያቱም ሹመኛ ይሄዳል ወረቀቱ ግን ይቀራል።

ሰው ስትጠይቁ ከገንዘብ በፊት ደብዳቤ ጠይቁ። ፓኒዚ በ1797 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጣሊያን ውስጥ ብሬሼሎ የተወለደ ሕግ የተማረ ልጅ ነበር፣ በሞዴናው መስፍን ላይ በተነሳው የምስጢር እንቅስቃሴ ገብቶ በ1822 ከአገር ሸሸ፣ በዓመቱ በሌለበት ሞት ተፈረደበት። ለንደን ሲገባ ኪሱ ባዶ ነበር። ስደተኛው ገጣሚ ፎስኮሎ ሊቨርፑል ላሉት የታሪክ ጸሐፊ ለዊልያም ሮስኮ የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ጻፈለት፣ እዛ ሄዶ ጣሊያንኛ እያስተማረ ሳለ ከታወቀው ጠበቃ ከሄንሪ ብሩም ጋር ተዋወቀ። ብሩም አዲሱ የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1828 ሲከፈት የጣሊያንኛ ፕሮፌሰር እንዲሆን ረዳው፣ ሎርድ ቻንስለር (የአገሪቱ ከፍተኛው የፍትሕ ሹም) ከሆነ በኋላም በ1831 ሙዚየሙ ውስጥ አስቀጠረው። እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ነገር ነው ያደረገለት፣ ለቀጣዩ ሰው ማስተላለፍ ብቻ። ስለዚህ ከከተማችሁ ትልቅ ሰው ጋር ስትቀመጡ "ይሄን የሚመለከት ማን ጋ ልሂድ፣ ስምዎን ልጥቀስ ወይ?" በሉ፣ ይሄን እምቢ የሚል ብዙ አይደለም።

በሰው ከገባችሁ ደግሞ ስራችሁ ከሌላው እጥፍ መሆን አለበት። በ1837 የታተሙ መጻሕፍት ክፍል ኃላፊ ሲሆን ብዙ ዓመት ያገለገለ፣ የጣሊያኑን ገጣሚ ዳንቴን በመተርጎም የታወቀ እንግሊዛዊ ታልፎ ነው፣ እና "ለባዕድ ተሰጠ" ተብሎ ትልቅ ጫጫታ ተነሳ። ፓኒዚ ግን መጻሕፍቱን ወደ አዲሱ ህንፃ አዛወረ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1841 የወጡትን 91 የካታሎግ (የመጻሕፍት መዝገብ) ደንቦች ሰራ፣ እነዚህ ደንቦች ከዛ በኋላ ለመጡት የካታሎግ አሰራሮች መሠረት ሆነዋል።

አሁን ገንዘብ፣ እዚህ ጋ ቆም እንበል ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ቢሮ ሄደን "መጽሐፍ የለንም እርዱን" እንላለን፣ ይሄ ልመና ነው፣ ባለስልጣኑም "እናያለን" ብሎ ይሸኛችኋል። ፓኒዚ ግን የጎደለውን አስቆጠረ፣ በየትምህርት ዘርፉ ምን አለ ምን የለም ብሎ በ1845 ሪፖርት አዘጋጀ፣ በዛ ሪፖርት ላይ ቆሞ ነው ለመጽሐፍ መግዣ በዓመት 10,000 ፓውንድ የተፈቀደለት፣ ለዛ ጊዜ በጣም ትልቅ ብር ነው። እናንተም አንድ ሳምንት መድቡና ከመደርደሪያችሁ ጋር ቁጭ በሉ፦ የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ ለስንት ተማሪ ስንት ኮፒ አለ፣ ተጠይቆ የታጣ መጽሐፍ የትኛው ነው፣ የመጨረሻው ግዢ መቼ ነበር። ከሁለት ገጽ አይብለጥ፣ ዋጋው ከታች ይጻፍ። ለምታውቁት ሰው ይሄን ስጡት፣ ስብሰባ ላይ አውጥቶ የሚያሳየው ነገር ይፈልጋላ።

ቤታቸው መጽሐፍ የሞላ ሽማግሌዎች ጋ ዛሬ ሂዱ። ቶማስ ግሬንቪል የሚባሉ ባለጸጋ የፖለቲካ ሰው ከ20,000 ቅጽ በላይ ውድ ስብስብ ነበራቸው፣ ለዘመድ ሊያወርሱት አስበው ነበር፣ ፓኒዚ ወዳጃቸው ሆነ፣ በስተመጨረሻ ግን "ብዙውን የገዛሁት ከመንግስት ባገኘሁት ደመወዝ ነው፣ ለሕዝብ ይመለስ" ብለው በ1846 ሲሞቱ ለሙዚየሙ ተናዘዙለት። ከዛ በፊት ፓኒዚ ለዓመታት እየሄደ ስለ መጽሐፍ ያወራቸው ነበር። በኛም አገር የስንቱ መምህርና ዳኛ መጽሐፍ ከቀብር በኋላ በኪሎ ተሽጦ መጠቅለያ ሆኗል፣ ይሄ በጣም ያንገበግባል።

ሕግ ካለ ደግሞ አስከብሩት። አሳታሚዎች ከእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ኮፒ ለሙዚየሙ እንዲሰጡ ሕግ ነበረ፣ ብዙዎቹ ግን አይሰጡም ነበር፣ ፓኒዚ በ1850 ውክልና ተቀብሎ ፍርድ ቤት ያቆማቸው ጀመር። ብዙ ጠላት አፍርቶበታል፣ መጽሐፉ ግን መጣ፣ በሱ ዘመን ስብስቡ ከ235,000 ወደ 540,000 ገደማ አደገ።

ጠላት ሲመጣ ትልቅ ሰው ጋ እየሮጣችሁ አትሸሸጉ። በ1847 በሙዚየሙ ላይ የንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ታዋቂው ጸሐፊ ቶማስ ካርላይል ሳይቀር መጥቶ ወቀሰው፣ የኮሚሽኑ ጸሐፊ ኮሊየርም "ካታሎግ እንደዚህ አይከብድም" ብሎ 25 መጻሕፍት ራሱ መዝግቦ አቀረበ። ፓኒዚ ወረቀቱን ለረዳቱ ለዊንተር ጆንስ ሰጠው፣ ጆንስ አንድ በአንድ መርምሮ ስህተቱን ዘርዝሮ አወጣው፣ ክርክሩ እዛ ላይ አበቃ። ፓልመርስተንና ግላድስቶን የሚባሉ ትልልቅ የመንግስት ሰዎች ወዳጆቹ ነበሩ፣ ያዳነው ግን ይሄ ዝርዝር ነው።

እና ሁሉንም ለማን ነው የምትጠይቁት? በ1836 ለፓርላማ ኮሚቴ ሲመሰክር ድሃ ተማሪ መጽሐፍ ለማግኘት በመንግስቱ ካለው ከአንደኛው ሀብታም እኩል ዕድል ይኑረው ብሎ ነበር። በ1857 የተከፈተው፣ በ1852 ንድፉን በእጁ የሳለው ክብ የንባብ አዳራሽ ለዚህ ነው የተሰራው። ማመልከቻችሁ ላይ ያ ተማሪ ከሌለ ቀድዳችሁ ጣሉትና እንደገና ጻፉ።

አንድ ነገር ግን ከዛ ላይብረሪ እንዳትወርሱ። ፓኒዚ በ1866 ጡረታ ወጥቶ በቦታው ዊንተር ጆንስ ተተካ፣ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ ሙዚየሙ የላከው ሪቻርድ ሆምስ እዛው ነበር፣ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍቶቻችንም እዛ ላይብረሪ ገቡ፣ እስከ ዛሬ ለንደን ናቸው። መንግስት ወዳጁ የሆነ ላይብረሪ የተዘረፈም ይደርሰዋል። ስለዚህ ስጦታ ሲመጣ፣ በተለይ ብራና ከሆነ፣ ሰጪው የቱንም ያህል ትልቅ ሰው ቢሆን ከማን እጅ፣ መቼ፣ እንዴት እንደወጣ ጠይቁና መዝገቡ ላይ አስፍሩ፣ ካልመለሰ አትቀበሉ፣ የየትኛው ደብር እንደሆነ ካወቃችሁም ለደብሩ ደውሉ።