ሉፕ ውስጥ ያለ ሉፕን ፓራለል ስታደርጉ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ኮዱ ሲንቀራፈፍብን ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ባገኘነው ሉፕ አናት ላይ የኦፕንኤምፒዋን (የሲና የፎርትራን ኮድን ለብዙ ኮር ማካፈያዋን) ፓራለል ፎር ትዕዛዝ ጣል ማድረግ ነው፣ ከዛ ወይ ጭራሽ ይብስበታል ወይ ይፈጥንና መልሱ ይበላሻል።

እኔን በጣም ያቃጠለኝ የጄ፣ የውስጠኛው ሉፕ ኢንዴክስ (ቆጣሪ) ነገር ነው። ሲ ላይ ማትሪክስ ሳባዛ የውጪውን ቆጣሪ አይንም ጄንም ፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ ዲክሌር አድርጌ የውጪውን ሉፕ ፓራለል አደረግኩት፣ በሮጠ ቁጥር ሌላ መልስ። ለካ ኦፕንኤምፒ በራሱ ለየትሬዱ (ስራውን ተካፍለው ጎን ለጎን ለሚሮጡት ለእያንዳንዳቸው) የሚያድለው ፓራለል የሆነውን ሉፕ ኢንዴክስ ብቻ ነው፣ ጄ የጋራ ሆና ትቀራለች፣ አንዱ ትሬድ 7 ሲያደርሳት ሌላው መጥቶ ወደ 0 ይመልሳታል። የሚያናድደው ደግሞ ኦፕቲማይዜሽን ሲበራ ኮምፓይለሩ ጄን ሬጂስተር (የየኮሩ የራሱ ትንሽዬ ማስቀመጫ) ውስጥ ሊይዛት ስለሚችል አንዳንዴ መልሱ ልክ ይመጣል፣ ሁለት ቀን የበላብኝ እሱ ነው። ጄን እዛው ፎሩ ውስጥ ዲክሌር አድርጓት፣ አለቀ። ፎርትራን ላይ ያላችሁ ተገላግላችኋል፣ የውስጠኛው ዱ ሉፕ ኢንዴክስ ሳትነግሩትም ፕራይቬት (የየትሬዱ የግል) ነው።

ድምር ካለ ሪዳክሽን ተጠቀሙ (እያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ድምር ይይዝና መጨረሻ ላይ ይደመራሉ)፣ ክሪቲካል ብትሉም መልሱ ልክ ነው ግን ትሬዶቹ ወረፋ ይዘው ስለሚገቡ ፓራለልነቱ ቀረ ማለት ነው። በሪዳክሽንም ቢሆን የመጨረሻዎቹ ዲጂቶች ከድሮው ትንሽ ቢለዩ አትደንግጡ፣ የመደመሩ ቅደም ተከተል ሲቀየር ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) እንደዛ ነው፣ በእኩል ነው ምልክት አታወዳድሩ።

የውስጠኛውን ሉፕ ፓራለል ማድረግም አለ፣ የውጪው 1000 ጊዜ ከዞረ ትሬዶቹ 1000 ጊዜ ስራ ተካፍለው 1000 ጊዜ ይጠባበቃሉ፣ ስራው ትንሽ ከሆነ ጥበቃው ይበልጠዋል። ስለዚህ የውጪውን ያዙ፣ የውጪው 4 ዙር ብቻ ሆኖ 16 ኮር ካላችሁ ግን 12ቱ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ያኔ ኮላፕስ 2 በሉት፣ ሁለቱን ሉፕ እንደ አንድ ቆጥሮ ያካፍላል።

ግን እያንዳንዱ ረድፍ ከላዩ ካለው ረድፍ የሚያነብ ከሆነ የውጪው በፍጹም አይሆንም፣ ከላይ ያለው ሳያልቅ የታችኛው አሮጌ ቁጥር ያነባል፣ እዚህ ጋ የውስጠኛው ብቻ ነው የሚያዋጣው። ጋውስ ሳይደል (አዲስ የተሰላውን የጎረቤት ቁጥር ወዲያው እየተጠቀመ የሚደጋገም ስሌት) ከሆነ ደግሞ ከግራም ስለሚያነብ ሁለቱም አይሆኑም፣ ነጥቦቹን እንደ ቼዝ ሰሌዳ ቀይና ጥቁር ብሎ ከፍሎ ቀዩን ጨርሶ ወደ ጥቁሩ መሄድ ነው።

ጄ ከአይ የሚጀምር ሶስት ማዕዘን ሉፕ ሲሆን ስራው በእኩል አይከፋፈልም፣ ዙሮቹን ለ4 ትሬድ በተርታ ብታካፍሉ የመጀመሪያው ብቻውን 44 ፐርሰንት ገደማ ይሸከማል፣ ስኬጁሉን (የዙሮቹን አከፋፈል) ዳይናሚክ አድርጉት፣ የጨረሰ ትሬድ ቀጣዩን ዙር ይወስዳል።