በሰው አገር እያስተማሩ ራግቢን ማስጀመር

ራግቢ ብዙ አገር የገባው ሊያስተምር በሄደ ሰው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 በጃፓን ኬዮ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ኤድዋርድ ክላርክ ጨዋታውን ለተማሪዎቹ ሲያሳይ ብቻውን አልነበረም፤ እንግሊዝ ተምሮ የተመለሰው ታናካ ጊንኖሱኬ ከጎኑ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ዣክ አስፔኪያን የተባለ ፈረንሳይ ያደገ አርመናዊ ራግቢን ለትብሊሲ ተማሪዎች አስተማረ። ጆርጂያውያን ሌሎ ቡርቲ የሚሉት፣ መንደር ከመንደር ኳስ ይዞ የሚገፋፋበት ጥንታዊ ጨዋታ ስለነበራቸው አዲሱ ነገር ብዙም አልከበዳቸውም።

ሁለቱም ጋ አገሬው የራሱ ድርሻ ነበረው፤ ይህ ለዛሬ መምህርም ይሠራል። የአገሬው ሰው ከጎን ከሌለ ጨዋታው መምህሩ በሄደ ማግስት ይቆማል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚታቀደው ሌላ ሰው እንዲረከበው ተደርጎ ነው።

ከኳሱ በፊት ወረቀቱ

የመጀመሪያውን ሴሚስተር ለራግቢ አይንኩት። ርዕሰ መምህሩም ወላጁም መጤውን መምህር የሚመዝኑት በተቀጠረበት ትምህርት ነው፤ ክፍሉን መያዝ ያልቻለ ሰው ሜዳ ስጡኝ ቢል የሚሰማው የለም። ይህንን ጊዜ የትምህርት ቤቱን የፈተና ቀን፣ የበዓላቱን ሰሌዳ፣ ሜዳውን ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚጠቀምበት በመመዝገብ ያሳልፉት። በተለይ የመጨረሻውን። አዲስ ስፖርት ባብዛኛው የሚሞተው በጉዳት ሳይሆን ከእግር ኳስ አሰልጣኙ ጋር በሚነሳ የሜዳ ጠብ ነው። ማንም የማይፈልገውን ሰዓት ይውሰዱ፣ መስመሩን በቀለም ሳይሆን በኮን ያስምሩ፣ ከሰዓትዎ 5 ደቂቃ ቀድመው ሜዳውን ይልቀቁ።

የሥራ ፈቃድዎን እንደገና ያንብቡት። በብዙ አገር ፈቃዱ ከአንድ ቀጣሪ ጋር የታሰረ ስለሆነ ከሌላ ክበብ የትራንስፖርት አበል መቀበል እንኳ የውጭ ዜጋን ሊያስጠይቅ ይችላል። ከሌላ ቦታ ጥሪ ሲመጣ ቀጣሪዎን በጽሑፍ ያስፈቅዱ። ከሕፃናት ጋር ለመሥራት የሚጠየቀው የወንጀል ነፃ ማስረጃ ደግሞ ከትውልድ አገር የሚመጣ ከሆነ ወራት ሊወስድ ስለሚችል በጊዜ ይጀመር።

ኢንሹራንሱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የትምህርት ቤቱ ውል “የስፖርት ክፍለ ጊዜን ይሸፍናል” ማለቱ የአካል ንክኪ ያለውን ስፖርት ይሸፍናል ማለት አይደለም። የሚሸፍነውን በጽሑፍ ያስመልሱ፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ንክኪ የሌለውን ዓይነት ብቻ ያጫውቱ። ለርዕሰ መምህሩ የሚሰጠው ማመልከቻ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያልቅ፣ የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ አብሮ የሚሠራው የአገሩ መምህር ስም። ራግቢ ሰቨንስ (ሰባት ለሰባት የሚጫወቱት ራግቢ) እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የኦሎምፒክ ስፖርት መሆኑን አንድ መስመር ይጨምሩበት። የትምህርት ኃላፊዎች ጆሮ ይህችን ቃል ትወዳለች።

ለ24 ልጅ የሚበቃ ዕቃ

የሚጀመረው በታግ ራግቢ ነው፤ ማንም ማንንም አይጥልም፣ ወገብ ላይ የተንጠለጠለውን ሪባን መንጠቅ ብቻ ነው። ያስፈልጋል የሚባለው፦ 6 ወይም 8 ኳስ፣ 24 ቀበቶ ከ48 ሪባን ጋር፣ ወደ 40 ኮን፣ ፊሽካ፣ የኳስ መንፊያ ከትርፍ መርፌ ጋር፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን። የግብ ምሰሶ ለዚህ ደረጃ ከንቱ ወጪ ነው።

የኳስ መጠን ላይ አይደራደሩ። ከ6 እስከ 9 ዓመት ቁጥር 3፣ ከ10 እስከ 14 ቁጥር 4፣ ከዚያ በላይ ቁጥር 5። ቁጥር 5 በደንቡ ከ410 እስከ 460 ግራም ይመዝናል፤ የ11 ዓመት ልጅ በአንድ እጁ መዳፍ ስለማይቆጣጠረው ደረቱ ላይ አጣብቆ መሮጥ ይለምዳል፣ ያንን ልማድ ማስተው ደግሞ ከማስተማር ይከብዳል። የአየር ግፊቱ ከ9.5 እስከ 10 ፒኤስአይ ነው። በጠዋቱ ብርድ በትክክል የተነፋ ኳስ የቀትር ፀሐይ ላይ ሲውል ይጠነክራል፤ ከእጅ ላይ ይነጥራል፣ ጣት ያማል፣ ልጁም መቀበል ይፈራል። ለጀማሪ በትንሹ ለስለስ ያለ ይሻላል።

ቀበቶ ካልተገኘ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጨርቅ ተቆርጦ ከሱሪው ወገብ ግራና ቀኝ ይሰካል፤ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትሩ ይንጠልጠል። ቋጠሮ ግን ክልክል ነው። ተንኮለኛ ልጅ ሪባኑ እንዳይነጠቅበት ይቋጥረዋል፣ የሚነጥቀው ልጅ ጣቱን ይጎዳል፣ ሱሪም ይቀደዳል። ሸሚዝ ሁልጊዜ ሱሪ ውስጥ ይገባል።

የመጀመሪያው 45 ደቂቃ

ቋንቋው ገና ያልገባዎት ከሆነ 15 ያህል ቃል በአገሩ ቋንቋ ይያዙ፦ ሩጥ፣ ቁም፣ አቀብል፣ ወደ ኋላ፣ ሪባኑን መልስ፣ ጎበዝ፣ የመሳሰለውን። ልጆቹ አነጋገርዎን ሲያርሙ ይታረሙ፤ አንድ ጊዜ የሳቁበትን መምህር ሁለተኛ ቀን ላይ ይታዘዛሉ። ማብራሪያ ከ90 ሰከንድ ካለፈ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው። ከመናገር ማሳየት ይሻላል።

መጀመሪያ 8 ደቂቃ ያለ ኳስ፦ 20 በ20 ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ ሁሉም የሌላውን ሪባን እየነጠቀ የራሱን ያድናል። ሰውነት ማሟሟቂያው ይኸው ነው። ከዚያ 10 ደቂቃ ማቀበል። እዚህ ላይ ቀርበው ይዩ። ኳሱ በሁለት እጅ፣ ጣቶች ተከፍተው፣ ከደረት ራቅ ብሎ ይያዛል። ተቀባዩ ሁለት እጁን ወደ ኳሱ መምጫ አስቀድሞ ይዘረጋል። አቀባዩ ክንዶቹን በሰውነቱ ፊት ለፊት አሻግሮ ይለቃል፣ ኳሱ ከወጣ በኋላም የሁለቱም እጆች ጣት ወደ ተቀባዩ ያመለክታል። ኳሱ እየተንገዳገደ ወደ ላይ ከወጣ ልጁ በኋላኛው እጅ ብቻ ገፍቶታል ማለት ነው። የፊተኛውን ክንድ ክርን ትንሽ ከፍ እንዲያደርግ ማድረግ ባብዛኛው ይበቃል።

ቀጥሎ 20 ደቂቃ ጨዋታ፣ 40 በ30 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ፣ ስድስት ለስድስት፣ ጎን ለጎን በሁለት ሜዳ። ሕጉ አምስት ብቻ ነው። ኳስ ወደ ፊት ማቀበል አይቻልም። ሪባኑ የተነጠቀ ልጅ በ3 ሰከንድ ውስጥ ያቀብላል። የነጠቀው “ታግ!” ብሎ ይጮኻል፣ ሪባኑንም በእጁ ይመልሳል። ሪባንን በእጅ መከለልም ሆነ ተከላካይን መገፍተር አይቻልም። በስድስተኛው ታግ ኳሱ ለሌላው ቡድን ይሰጣል። የቀረው 7 ደቂቃ ለማረፊያና ዕቃ ለመሰብሰብ ነው፤ ሪባን ካልተቆጠረ ለሦስተኛው ሳምንት አይተርፍም።

ሦስት ችግር በእርግጠኝነት ይመጣል። እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ የለመዱ ልጆች ወደ ፊት ያቀብላሉ፤ ይህ ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይቆጡ፣ ፊሽካ ነፍተው ኳሱን ለሌላው ቡድን ይስጡ፣ በሁለት ሳምንት ይቀራል። ሁለተኛው፣ ሁሉም እንደ ንብ መንጋ ኳሱ ዙሪያ መሰብሰባቸው ነው። “ተበታተኑ” ማለት አይሠራም፤ ቁጥሩን ወደ ሦስት ለሁለት ቀንሰው ሜዳውን ሰፋ ያድርጉት፣ ባዶው ቦታ ራሱ ያስተምራቸዋል። ሦስተኛው ፈጣኑ ልጅ ነው፣ ኳሱን ይዞ ብቻውን ይሮጣል፣ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። ሁለት ጊዜ ያገባ ልጅ ቀጣዩን እንዲያቀብል ብቻ ይፈቀድለት። ቡድኑን የሚያቆመው ከዚህ ልጅ በኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣው ነውና።

ወደ ንክኪ መሻገር

ቢያንስ ከ8 ሳምንት በፊት አይሞከር፤ ሜዳው ጠጠርና ደረቅ አፈር ከሆነ ጭራሹን አይሞከር። በታግ ብቻ ዓመት መጨረስ ሽንፈት አይደለም። ለመሻገር ከተወሰነ ደግሞ አሰልጣኙ አስቀድሞ የስፖርቱን ዓለም አቀፍ አስተዳዳሪ የዓለም ራግቢን ነፃ የኢንተርኔት ሥልጠናዎች ይጨርስ፣ ወላጅ ይፈርም፣ ልጆቹ የጥርስ መከላከያ ይኑራቸው።

ቅደም ተከተሉ መዝለል የለበትም። መጀመሪያ መውደቅ፦ ኳሱን ይዞ በጎን፣ ከጭን ወደ ዳሌ፣ ከዳሌ ወደ ትከሻ፤ እጁን ወደ መሬት የዘረጋ ልጅ አንጓውን ይሰብራል። ከዚያ ሁለቱም ተንበርክከው ታክል (ኳስ የያዘውን አቅፎ መጣል)፣ ቀጥሎ ጣዩ ተንበርክኮ ሌላው በእርምጃ ሲያልፍ፣ ቀጥሎ ሁለቱም በእርምጃ፣ መጨረሻ ላይ በሶምሶማ። በየጥንዱ መካከል ቢያንስ 3 ሜትር ክፍት ይሁን።

አንገት የሚድነው በጭንቅላቱ ቦታ ነው። ዓይን ተከፍቶ፣ አገጭ ቀና ብሎ፣ የጣዩ ጉንጭ ከተጣዩ መቀመጫ ጎን ይጣበቃል፤ ጭንቅላቱ ከኋላ እንጂ ከፊት አይሆንም። ትከሻ ከወገብ በታች ያርፋል፣ ሁለት ክንድ ጭኑን አቅፎ ይቆለፋል፣ እግር መግፋቱን ይቀጥላል። መሬት እያየ የገባ ልጅ በአናቱ ይገጫል። በተዘረጋ ክንድ ለመያዝ የሞከረ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። ሁሉም ልጅ አንዱ ጎኑ ደካማ ስለሆነ በሁለቱም ትከሻ እኩል ያለማምዱ። ጥንዶቹ በክብደትና በቁመት እንጂ በክፍል አይመደቡ፤ በአንድ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ የ30 እና የ60 ኪሎ ልጅ ይገኛል።

የታክል ከፍታ በየአገሩ ይለያል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 በአማተር ጨዋታ ወደ ወገብ አወረደችው፣ እንግሊዝ ደግሞ በ2023 ከደረት አጥንት በታች አደረገችው። የሚሠሩበትን አገር ሕግ ይጠይቁ፣ ሕግ ከሌለ ወገብን ይያዙ። ስክረም (የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ተቃቅፈው ለኳሱ የሚገፋፉበት) በዚህ ዓመት አይነካም።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ከደነዘዘ፣ ሚዛኑን ከሳተ ወይም የተጠየቀውን ካልመለሰ በዚያ ቀን አይመለስም። “ደህና ነኝ” ቢልም አይመለስም። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው ወይም አንገቱን ካመመው ወዲያው ድንገተኛ ሕክምና ይጠራ፤ አንገት ከተጠረጠረ ልጁ ከወደቀበት አይነሳ። በብሪታንያ የማኅበረሰብ ስፖርት መመሪያ መሠረት ወደ ውድድር መመለስ ከ21 ቀን በፊት አይፈቀድም፤ የተሻለ መለኪያ በሌለበት አገር ይህንኑ ይዘው ለወላጅ በጽሑፍ ይስጡ። ሕመሙ ከቀጠለ ቀኑ ይረዝማል እንጂ አያጥርም።

ውድድር በአንድ ከሰዓት

ስድስት የታግ ቡድን ከተገኘ ሁሉንም ከሁሉም ማጋጠም 15 ጨዋታ ነው፣ ለልጆቹም ለዳኛውም ይበዛል። ሦስት ሦስት አድርገው በሁለት ምድብ ይክፈሉ፦ 6 የምድብ ጨዋታ፣ 3 የደረጃ ጨዋታ። አንዱ ጨዋታ 7 እና 7 ደቂቃ፣ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ 4 ደቂቃ መለዋወጫ፤ በሁለት ሜዳ በ5 ዙር፣ በ100 ደቂቃ ያልቃል። በምድቡ አንዳንድ ቡድን ተከታትሎ ስለሚጫወት ውሃው ሜዳው ጫፍ ላይ ይቀመጥ። የሚያርፈው ቡድን መስመር ዳኛና ነጥብ መዝጋቢ ያወጣል። ለልጆች ትራይ (ኳሱን ከግብ መስመሩ ማዶ መሬት ማስነካት) አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ለትራይ 5 ነጥብ፣ ተከትሎት ለሚመጣው ምት 2 የሚለው ስሌት ለትልልቆቹ ይቆይ።

ርክክብ

የውጭ መምህር ውል ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ሁለት የአገሩ መምህራን ይኑሩ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ይዛወራል። በአራተኛው ሳምንት ማሟሟቂያውን እነሱ ያሠሩ፣ በስምንተኛው ግማሹን፣ በሁለተኛው ሴሚስተር ሙሉውን። ያኔ የእርስዎ ሥራ ከመስመር ውጭ ቆሞ ዝም ማለት ነው፣ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ልጆቹ ፊታቸውን ወደ እርስዎ እያዞሩ ስለሚያስቸግሩ ከዋናው አሰልጣኝ ጀርባ ይቁሙ። ከ15 ዓመት በላይ ያሉ አራት ተማሪዎች ደግሞ የትንንሾቹን ጨዋታ መዳኘት ይልመዱ።

በስምዎ ምንም አይመዝገብ። ዕቃው በትምህርት ቤቱ ንብረት መዝገብ ይግባ፣ መዋጮ ካለ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ይቀመጥ፣ የፌዴሬሽን አባልነቱም የትምህርት ቤቱ ይሁን። በአገሩ ፌዴሬሽን ከሌለ ጥያቄው ለአህጉሩ ማኅበር፣ ለምሳሌ ለራግቢ አፍሪካ ወይም ለእስያ ራግቢ፣ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ይጻፍ። የሚረከበው ሰው አንድ ማኅደር ይሰጠው፦ የተማሪዎች ዝርዝርና የወላጅ ስልክ፣ የጤና ቅጾች፣ ጭንቅላታቸውን የተመቱ ልጆች መዝገብ ከነቀኑ፣ የ12 ሳምንት የልምምድ ዕቅድ በአገሩ ቋንቋ፣ የዕቃ ቆጠራ። የመጋዘኑ ቁልፍ ሁለት ኮፒ ይቀረጽ፤ አንዱ ለተረካቢው፣ አንዱ ለጸሐፊዋ። የመንፊያው መርፌ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋ ዕቃ ስለሆነ ሦስት ትርፍ ከማኅደሩ ጋር ያያይዙ።