አዲሶቹ ላፕቶፖች የጋራ ፎልደሩን አልከፍት ሲሉ

አንድ አስመጪ ድርጅት ለሒሳብ ክፍሉ አዳዲስ ላፕቶፖች ገዛ። ዊንዶውስ 11 ፕሮ፣ 24ኤች2 የተባለው የ2024 እትም የተጫነባቸው ናቸው። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ሰርቨሩ ላይ ያለውን የጋራ ፎልደር ያለ ችግር ይከፍታሉ። አዲሶቹ ግን ወይ ፍንክች! በፒንግ፣ ማለትም በኔትወርክ መገናኘትን በሚፈትሽ ትእዛዝ፣ ስሞክር ሰርቨሩ ይመልሳል። ስለዚህ ኬብሉም ስዊቹም ደህና ናቸው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰርቨሩ የሚሠራው በኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። እዚያ ላይ ፎልደሩን ለዊንዶውሶች የሚያጋራው ሳምባ የተባለ ፕሮግራም ሁሉንም ያለ ይለፍ ቃል፣ በእንግድነት ያስገባ ነበር። ዊንዶውስ 11 ፕሮ ደግሞ ከ24ኤች2 ጀምሮ በእንግድነት መግባትን ይከለክላል። ፋይል የሚጋራበት የኤስኤምቢ ግንኙነት እንዲፈረምም፣ ማለትም መልእክቱ በመንገድ እንዳልተለወጠ ማረጋገጫ እንዲኖረው፣ ይጠይቃል። ፊርማው ከይለፍ ቃል የሚመነጭ ቁልፍ ይፈልጋል፤ እንግዳ ከየት ያምጣ?

ብዙ ሰው የሚመክረው አቋራጭ ሁለቱንም መከላከያ ከዊንዶውሱ ማጥፋት ነው። የደመወዝ ሰነድ ላለበት ቢሮ እኔ አላደርገውም። ሰርቨሩን አስተካከልኩ። ለየሠራተኛው የሊኑክስ አካውንት ከፈትኩ። ሳምባ ውስጥም ለብቻ መዘገብኳቸው፤ የይለፍ ቃል የሚይዘው በራሱ መዝገብ ነውና። ከዚያ ለሒሳብ ክፍሉ ግሩፕ ሠርቼ ፎልደሩን ለሱ ሰጠሁ። ፎልደሩ ላይ ሴትጂአይዲ (አዲስ ፋይል የግሩፑ እንዲሆን)፣ ሳምባው ላይ ክሪኤት ማስክ 0660 (ባለቤቱም ግሩፑም እንዲያነቡና እንዲጽፉ) አደረግሁ። ያለዚያ አንዷ የሠራችውን ኤክሴል ሌላው ሴቭ ማድረግ አይችልም።

አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ግን አሁን በተራው እምቢ አለ። ዊንዶውስ ወደ አንድ ሰርቨር በሁለት ስም ባንዴ መግባት አይፈቅድም፤ የድሮው የእንግዳ ግንኙነት እንደተያዘ ነበር። በ‹ኔት ዩዝ› ትእዛዝ አጠፋሁት። ሳይን አውት ተብሎ ሲገባ የጋራ ፎልደሩ የሚታይበት ዜድ ድራይቭ ተከፈተ።