የተቦረቦረ አልሙኒየም ከዱቄትና ከጨው እንዴት ይሠራል?

ዘይት መጥጦ የሚይዝ የነሐስ ቡሽንግ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀለበት)፣ የብረት ፊልተር፣ አጥንት ወደ ውስጡ የሚያድግበት የታይታኒየም ተከላ፤ ሦስቱም ሆን ተብሎ የተቦረቦሩ ናቸው። ሦስቱም ከዱቄት ይሠራሉ። ለጀማሪ ግን አልሙኒየምና የገበታ ጨው ይሻላል። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ጨው በ801። ስለዚህ አልሙኒየሙ እስኪያያዝ ድረስ ጨው ቦታውን ይዞ ይቆያል። በኋላ በውሃ ሟሙቶ ሲወጣ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ይሆናል።

መጀመሪያ ጨውን በወንፊት ለዩ። ቀዳዳው የጨውን ቅንጣት ነው የሚያክለው፤ ከ300 እስከ 500 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ያለው ይመቻል። ከዚያ በደንብ አድርቁት። እርጥበት ያዘለ ጨው ሲሞቅ እየተንጣጣ ይሰነጠቃል። የአልሙኒየሙ ዱቄት ከጨው በብዙ ይድቀቅ፣ 50 ማይክሮን ገደማ።

አሁን ሚዛን። 10 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሚሆን፣ 70 በመቶው ቀዳዳ የሆነ ቁራጭ እንፈልግ እንበል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ጨው 2.16 ግራም፣ አልሙኒየም ደግሞ 2.7 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ጨው 7 ሲባዛ 2.16፣ ማለትም 15.1 ግራም። አልሙኒየም 3 ሲባዛ 2.7፣ 8.1 ግራም። ጨው በጣም ካነሰ ቅንጣቶቹ አይነካኩም፤ ውሃም አይደርስባቸውም።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ አየር ላይ የተበተነ የአልሙኒየም ዱቄት በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ማስክና መነጽር አድርጉ፤ እሳትና ቬንትሌተር አይቅረቡ። ከተቀጣጠለም ውሃ እንዳትሞክሩ፣ ደረቅ አሸዋ ነው።

ጨው ላይ ጥቂት ጠብታ ኢታኖል ጨምሩና ከዱቄቱ ጋር ቀስ ብላችሁ አዋህዱ። ነጩ ቅንጣት ሁሉ ግራጫ መልበስ አለበት። ነጭ ከታየ ገና ነው። ኢታኖሉ ተኖ ካለቀ በኋላ በሻጋታ ውስጥ በ300 ሜጋፓስካል ጭመቁት። ዲያሜትሩ 30 ሚሊሜትር ለሆነ ሻጋታ ይህ ወደ 22 ቶን ነው፤ የእጅ ጉልበት አይበቃም፣ ሃይድሮሊክ ፕሬስ ያስፈልጋል። ግፊቱ ዱቄቱን የሸፈነውን ስስ የኦክሳይድ (የአልሙኒየምና የኦክስጅን ውህድ) ቅርፊት ይሰብራል። ያ ቅርፊት ካልተሰበረ ቅንጣቶቹ በሙቀት አይያያዙም። ትንሽ ማግኒዚየም መጨመርም ያግዛል።

ቀጥሎ ቫኩም (አየሩ የወጣለት) ወይም ንጹሕ ናይትሮጅን ባለው ምድጃ በ640 ዲግሪ ለሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ። ቴርሞሜትሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ከማቅለጫው የቀረችን 20 ዲግሪ ብቻ ናት፤ ካለፈ ቁራጩ ላዩ ላይ የአልሙኒየም ጠብታ ያልበዋል።

ሲቀዘቅዝ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉትና ውሃውን ደጋግማችሁ ቀይሩ። ከዚያ አድርቃችሁ መዝኑት። 8.1 ግራም ከሆነ ጨው አልቋል። 9 ካለ ግን አንድ ግራም የሚጠጋ ጨው ውስጡ ቀርቷል፤ ያ ጨው አልሙኒየሙን ቀስ እያለ ይበላዋልና እንደገና ወደ ውሃ መልሱት።