ድሬ ላይ ፕሮግራም ስትገመግሙ እነዚህን ተዉ

ከመጠይቅ መጀመር። አዲስ ገምጋሚ ሥራ ሲሰጠው ታብሌቱን ከፍቶ ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ላይ ጥያቄ መደርደር ነው። አቦ፣ ቆይ እንጂ! ውጤቱን የሚፈልገው ማን ነው? ምን ሊወስንበት? መቼ? እነዚህ ሳይመለሱ ቢጋሩ ላይ፣ ማለትም የግምገማውን ዓላማና ወሰን በሚዘረዝረው ሰነድ ላይ፣ አትፈርሙ። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ፕሮግራሙ ወደ ሌሎች ቀበሌዎች ይስፋ ወይስ ይብቃ የሚለው ክርክር ከዚያ በፊት፣ ዕቅድ ሲዘጋጅ ያልቃል። ነሐሴ ላይ የሚመጣ ሪፖርት የፈለገውን ያህል ባለቀለም ግራፍ ቢኖረው ማኅተም ተመቶበት መደርደሪያ ይገባል። ይህን ማየት ሰልችቶኛል። ከውሳኔው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ኃላፊውንም «ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ምን ይቀይራሉ?» በሏቸው። «ምንም» ካሉ ገንዘቡ ሌላ ሥራ ይሠራበት።

ስድስቱን መመዘኛ እንዳለ መገልበጥ። የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የልማት ዕርዳታ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1991 አግባብነትን፣ ቅልጥፍናን፣ ውጤታማነትን፣ ተጽዕኖንና ዘላቂነትን አስቀመጠ፤ በ2019 ተጣጣሚነትን ጨመረ። ያኔውኑ እንደ ግምገማው ዓላማ እየታሰበባቸው እንጂ በደፈናው እንዳይሠራባቸው አሳስቧል። ቢጋር የሚጽፉልን ሰዎች ይቺን ገጽ የሚዘሏት ይመስለኛል።

ቀበሌው መርጦ ያቀረበላችሁን ቤት ብቻ ማየት። ዝርዝሩን ተቀበሉ፤ ዕጣውን ራሳችሁ አውጡ።

አስተያየት መጠየቅ። የድርጅቱን ሰደርያ ለብሳችሁ አንዲትን እናት «የውሃ ፕሮጀክቱ ጠቅሞዎታል?» ብትሏቸው መልሱ ይታወቃል፤ እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው። «ትናንት ውሃ ከየት ቀዱ? ስንት ጀሪካን? ወረፋው ስንት ሰዓት ፈጀ?» በሏቸው። አዲሱን ቦኖ አልፈው ድሮ ከሚቀዱበት ጉድጓድ እንደሚያመጡ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው። ያኔ ቦኖው የተዘጋው በስንት ሰዓት ነው፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው እያላችሁ ቀጥሉ።

ወቅቱን መርሳት። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ማብቂያ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የፈጀው ጎርፍ ግን ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው የደረሰው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያን በጥር፣ በጠራራ ፀሐይ ሞክሮ «ይሠራል» ማለት ምን የሚሉት ግምገማ ነው? በውድቅት ሌሊት፣ መብራት በጠፋበት፣ ወንዙ ዳር ያለ ቤት ውስጥ ይሰማል ወይ?

የጫት ዋጋ በወጣበት ዓመት የገበሬው ገቢ ጨመረ ብሎ ለፕሮግራሙ ማጨብጨብ። ፕሮግራሙ ያልደረሰበትን ጎረቤት ቀበሌም እዩ።

ከሰዓት በኋላ ቃለ መጠይቅ መያዝ። ሙቀቱ አለ፣ በርጫውም አለ። ሰው ወሬ አይነፍጋችሁም፤ መልሱን የሰጣችሁ እሱ ይሁን ምርቃናው ግን አትለዩትም። በጠዋት ውጡ።

መጠይቁን ሜዳ ላይ በቃል ማስተርጎም። ሦስት መረጃ ሰብሳቢ ሦስት የተለያየ ጥያቄ ጠይቆ ይመጣል። አስቀድሞ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይጻፍ፤ የአማርኛውን መጠይቅ ያላየ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ ሥልጠናው ሳይጀመር ይታረም።