ጅማ ላይ ክረምቱን ከድመት ጋር እንዴት እናልፋለን

የጅማ ዝናብ ሰኔን አይጠብቅም። መጋቢት ላይ ይጀምርና መስከረምን ተሻግሮ አንዳንዴ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ለቡናው፣ ለአቮካዶው፣ ለማሩ በረከት ነው። ድመት ላለው ሰው ግን ሥራ ነው፣ ያውም ከግማሽ ዓመት በላይ የሚቆይ።

ድመት የአንድ ቤት እንስሳ አይደለችም። እናንተ ጋ ቁርሷን ትበላለች፣ ጎረቤት ጣራ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ማታ አይጥ ፍለጋ የት እንደምትዞር ደግሞ የምታውቀው እሷ ብቻ ነች። ስለዚህ ምግብና ፍቅር ብቻውን አይበቃም። አየሩንና የሰፈሩን ወሬ መከታተል አለባችሁ። እኔ እንዳየሁት፣ ደህና ውላ ያደረች ድመት ድንገት የምትሞተው አብዛኛውን ጊዜ ከግቢ ውጭ በተደረገ ነገር ነው።

ከአየሩ ልጀምር። ማታ ከዜና በኋላ የሚነገረውን የአየር ትንበያ አትዝለሉት። እኛን የሚመለከተው «ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ» የሚለው ጋ ሲደርስ ነው። ከባድ ዝናብ ይኖራል ከተባለ በማግስቱ ምሳ ሳይደርስ ድመቷን አስገቡ። ጅማ በክረምት ብዙ ጊዜ ጠዋት ጉም ነው፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ብቅ ትላለች፣ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ይከብድና መውረድ ይጀምራል። ይህን ሰዓት ለእናንተ እንዲሠራ አድርጉት። የቀኑን ዋና ምግቧን ሁልጊዜ ሰባት ሰዓት አካባቢ ስጧት። በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ትለምደዋለች፣ ማንም ሳይጠራት ትመጣለች፣ በልታ ትተኛለች፣ ዝናቡም ቤት ውስጥ ያገኛታል። በየጎረቤቱ አጥር እየዞሩ ከመጣራት ይሄ ይሻላል።

የኔዋ አመዴ ትባላለች። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮው ላይ ኳ ኳ ሲሉ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጥፋለች፣ ሆዷን መሬት ታስነካና ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ አልጋ ሥር ትገባለች። በረዶ ከቀላቀለማ እስኪያባራ አትወጣም። የእናንተም እንደዚህ ካደረገች ጎትታችሁ አታውጧት፣ ልጆችም በመጥረጊያ እንዳይነካኩዋት ንገሯቸው። በፍርሃት ላይ ያለች ድመት የምታምነውን ሰው ራሱ ትቧጭራለች። ዝም ብላችሁ በሩን ዝጉ፣ ውሃ አስቀምጡላት፣ ተዉአት።

ርሳ ከመጣች ደግሞ በደረቅ ጨርቅ አድርቋት። ሆዷንና እግሯን በደንብ። ይሄ ለሙቀቱ ብቻ አይደለም። ድመት እግሯ ላይ የነካትን ሁሉ ትልሳለች። ጋራዥ አካባቢ የፈሰሰ የተቃጠለ ዘይት፣ ላምባ፣ ጓሮ ላይ የተረጨ ኬሚካል፣ ሁሉም መጨረሻው አፏ ነው። ጭቃውን ቀድማችሁ ጥረጉት።

መኝታዋን ከወለሉ አንሱት። ሐምሌ ላይ የጭቃ ቤቱም የብሎኬቱም ወለል ይረጥባል። ሁለት ብሎኬት ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ካርቶን፣ ውስጡ ጆንያ፤ ይህ በቂ ነው። ጅማ ላይ ጆንያ አይጠፋም። ቡና የተያዘበት ከሆነ ግን በደንብ አራግፉት፣ እጠቡት፣ አድርቁት። የፕላስቲኩ ማዳበሪያ አይሆንም፣ ከሥሩ ውሃ ያቁራል። የቡና ገለፈትን ለመኝታም ለመጸዳጃም የሚያነጥፉ ሰዎች አሉ። ርካሽ ነው፣ በየመፈልፈያው ተከምሮ ይገኛል፣ ግን ይቅርባችሁ። ገለፈቱ ውስጥ ካፌይን አለ፣ ካፌይን ደግሞ ለድመት መርዝ ነው።

ለመጸዳጃ ሰጋቱራ የሚያህል የለም። ጅማ የእንጨት ሥራ ከተማ ናት፣ በርጩማዋን የማያውቅ የለም፣ እንጨት ቤት ሄዳችሁ ብትጠይቁ በከረጢት ይሰጧችኋል። ያልተቀባና ቫርኒሽ ያልነካው ይሁን። ከቺፑድ የወጣው ሙጫ ስላለበት ተዉት። አመድ ሽታ ያጠፋል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ሲረጥብ ቆዳ ያቃጥላል፣ እሷም እግሯን ትልሳለች። ሰጋቱራው በየቀኑ ይጽዳ። እርጉዝ ሴት ካለች ሌላ ሰው ያጽዳ፣ ሰው ከሌለ ጓንት አድርጋ፣ በኋላም እጇን በሳሙና ታጥባ። በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ፅንስ ይጎዳል። ከወጣ በኋላ መበከል እስኪጀምር አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅበት በየቀኑ ማጽዳቱ ራሱ ትልቅ መከላከያ ነው። ለዚህ ብሎ ድመት ማባረር አያስፈልግም።

ሙቀት ፍለጋዋን ልብ በሉ። ብርድ ሲሆን ምድጃ ውስጥ ገብታ አመዱ ላይ ትተኛለች፣ ከሥር ፍም ካለ ጢሟንና መዳፏን ታቃጥላለች። ምድጃውን በምጣድ ወይም በቆርቆሮ ክደኑት። ግቢያችሁ ባጃጅ የሚያድር ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሞተሩ ሞቅ ስለሚል ከሥሩ ትገባለች። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ባጃጁን በእጅ መታ መታ ማድረግ ነው። ባለባጃጁን ተናገሩ፣ አንዴ ከተነገረው አይረሳም።

አሁን ወደ ወሬው። የሰፈር ወሬ የሚገኘው ጠዋት ቡና ላይ፣ እድር ላይ፣ አሁን አሁን ደግሞ በሰፈር ቴሌግራም ነው። ስለ ድመታችሁ ስትሉ ጆሮ ልትሰጡት የሚገባው የመጀመሪያ ወሬ የአይጥ መርዝ ነው። ዝናብ ሲጠነክር አይጥ ከጉድጓዱ ወደ ቤት ይገባል፣ ኮርኒስ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ይሮጣል፣ ሰውም ይማረርና መርዝ ይገዛል። መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም። ይዝላል፣ ይንገዳገዳል፣ ለድመት ደግሞ ከዚህ የቀለለ አደን የለም።

ጎረቤቴ ያሉት እናት ይህን ያውቃሉ። «ልጄ፣ ዛሬ አዱሬሽን እንዳታስወጪ፣ ጓዳ መርዝ አድርጌያለሁ» ይሉኛል በአጥር በኩል፤ አዱሬ በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው። እኔም «እሺ እማማ፣ የመርዙን ላስቲክ እንዳይጥሉት» እላለሁ። ላስቲኩ የሚያስፈልገው ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት ካላወቀ ማከም ስለሚቸገር ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ምልክቱን የሚያሳየው ከቀናት በኋላ ነው፣ ድድዋ ወይም አፍንጫዋ ይደማል፣ ትደክማለች፣ እሱ በቫይታሚን ኬ ይታከማል። ሌላው ዓይነት በሰዓታት ውስጥ ያስመልሳታል፣ ያንቀጠቅጣታል። በሁለቱም ወተት ማጠጣት መድኃኒት አይደለም። እኛ አገር ማንም ሰው ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ወተት ነው፣ በደግነት ነው፣ ግን ወተቱ ሲፈለግ የሚያልፈው ሰዓት ሕይወቷ ነው። ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ሂዱ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለበት ከተማ ውስጥ ነን፣ ለዚህ ዕድለኞች ነን። ሳትታመም በፊት የእንስሳት ክሊኒኩን ቦታና የሥራ ሰዓት ጠይቃችሁ ያዙ፣ ስልኩንም።

ከጎረቤት ጋር መነጋገር ያዋጣል። መርዝ አታስቀምጡ ብሎ መጣላት አይደለም፣ እህላቸው እየተበላ ነው። የምትለምኗቸው ሦስት ነገር ነው። ሲያስቀምጡ እንዲነግሯችሁ፣ የሞተውን አይጥ ሜዳ ላይ ሳይጥሉ እንዲቀብሩት፣ ከቻሉም ወጥመድ እንዲሞክሩ። ጅማ ላይ ይህ ከባድ አይደለም። ብዙው ጎረቤታችን ሙስሊም ነው፣ ድመትን አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶ ያደገ ነው። በክፋት ድመት የሚጎዳ ሰው ብዙም አይገጥማችሁም፣ የሚገጥማችሁ ያላሰበ ሰው ነው።

ሁለተኛው ወሬ የውሻ ነው። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ ሊገደሉ ነው የሚል ማስታወቂያ ከሰማችሁ ድመቷን እስኪያልፍ ከቤት አታውጡ። መርዝ የተቀባው ሥጋ ውሻና ድመት አይለይም። እብድ ውሻ ታየ ሲባልም እንደዚሁ። በሰው ላይ ለሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው መነሻው ውሻ ነው፣ ግን የታመመ ውሻ የነከሳት ድመትም ታስተላልፋለች። ለስላሳዋ ድመት ያለምክንያት ሰው ላይ ከዘለለች፣ ምራቋ ከተዝረከረከ፣ ድምፅዋ ከተቀየረ፣ በባዶ እጅ አትያዟት። ሰው ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና ያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቅጠሉን በኋላ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይመለስም።

የወባ ኬሚካል ርጭት ቡድን ሰፈራችሁ ሊመጣ ነው ሲባል የምግብና የውሃ ሳህኖቿን ከቤት አውጡ፣ እሷንም፣ ግድግዳው እስኪደርቅ። አዌቱ ዳር የምትኖሩ ደግሞ ወንዙ ሲሞላ ድመቷን ከፍ ያለ ቦታ አሳድሯት። ቤት የምትለቁ ከሆነ አዲሱ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ዝጉባት፣ አለበለዚያ ተመልሳ ወደ ድሮው ግቢ ትሄዳለች፣ መንገድ ላይም ትቀራለች።

ስለ ምግብ አጭር ነው። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም። እንጀራ ብቻ እየበላች የቆየች ድመት ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ሉካንዳ ቤት ሳንባ በርካሽ አለ፣ ቀቅሉት፣ ጥሬውን አትስጡ። ወጥ አይሆንም፣ ሽንኩርቱም ነጭ ሽንኩርቱም ደሟን ያፈርሳሉ። የዶሮ ወጥ አጥንት ደግሞ ተሰንጥሮ ጉሮሮዋን ይወጋል። ወተት አብዛኞቹን አዋቂ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል፣ ውሃ ይሻላቸዋል። ፍልሰታ ሲገባ እናንተ ብትጾሙም እሷን አታስጾሟት፣ የሙስሊም ሉካንዳ ክፍት ነው። አረፋ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ከየቤቱ ስብና አጥንት እየለቀመች ሆዷ እንዳይበላሽ ቀኑን ቤት ብትውል ጥሩ ነው።

ስታነጥስ ወይም ትኩሳት ሲይዛት ከቤት ኪኒን አትፈልጉ። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። ይህን ለቤት ሠራተኛውም ለአያትም ለልጆችም ንገሩ። ለቁንጫም ላምባና ማላታይን የሚቀቡ አሉ፣ ተዉት፣ ለውሻ የተሠራውንም የቁንጫ መድኃኒት እንዲሁ። ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ አበጥሯት፣ ማበጠሪያውን ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ጆንያውን በፈላ ውሃ እጠቡት። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር መኝታዋን አውጥታችሁ አስጡ።

ከወለደችባችሁ ደግሞ ግልገሎቹን ኮርኒስ ውስጥ ነው የምትደብቃቸው። ጣራው ካፈሰሰ አንድ በአንድ አንገታቸውን ነክሳ ታወርዳቸዋለች፣ እንድታወርድበት ካርቶኑን ጨለምለም ያለ ጥግ ላይ አዘጋጁላት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ አይችሉም። መብራት በጠፋበትና በቀዘቀዘ ሌሊት ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከአጠገባቸው አድርጉ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ለሰው አትስጡ። እና እባካችሁ፣ በጆንያ አድርጎ ሂርማታ ገበያ ዳር ወይም ወንዝ ዳር መጣል ይቅር። በዛብኝ የሚል ሰው እናቲቱን ማስመከን ይችላል፣ ድመት ገና በአምስት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ሐኪም ጠይቁ።

ዝናቡ ሲቀንስ የክትባት ጊዜ አድርጉት። መስከረም 18 ዓለም አቀፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው፣ በዚያ ሰሞን የክትባት ዘመቻ ካለ ለድመትም ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። ሦስት ወር የሞላት ድመት መከተብ ትችላለች፣ ከዓመት በኋላ ይደገምላታል። በእጅ ታቅፋችሁ አትሂዱ፣ የባጃጅ ጡሩምባ ካስደነገጣት ዘላ ትጠፋለች። ክዳን ያለው ቅርጫት ወይም ቀዳዳ የተበሳለት ካርቶን ውስጥ አድርጓት፣ አፉን በገመድ እሰሩት፣ ከላይ ሻሽ ጣል አድርጉበት። የክትባቱን ቀን በወረቀት ጽፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁና ከቤቱ ሰነድ ጋር አስቀምጡት፣ ልጅ የተቧጨረ ዕለት ጤና ጣቢያ «ድመቷ ተከትባለች ወይ?» ብለው ይጠይቋችኋል።