በአራት ኪሎ፦ የፓርላማን የአንድ ቀን ስብሰባ እንዴት መከታተል ይቻላል

ማታ ዜና ላይ «ምክር ቤቱ ረቂቅ አዋጁን ለዝርዝር ዕይታ ለቋሚ ኮሚቴ መራ» ሲባል ብዙ ሰው ቻናል ይቀይራል። «አጸደቀ» ሲባል ግን ጆሮውን ያቆማል። ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። የተመራ ረቂቅ ገና ሊታረምና ሊቃና የሚችል ነው። ለጸደቀው ግን የቀረው ፊርማና ማተሚያ ቤት ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ የተዘጋጀው ይህን ልዩነት በሰዓቱ መያዝ ለሚፈልግ ተማሪ፣ ነጋዴ፣ የማኅበር ጸሐፊ ወይም ጀማሪ ጋዜጠኛ ነው።

መጀመሪያ፣ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ይለዩ

አራት ኪሎ የሚሰበሰበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የፌዴራል ሕግ የሚያወጣውም እሱ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ደግሞ ለብቻው የቆመ ነው፤ 138 መቀመጫ አለው፣ የከተማውን በጀትና የከተማውን ቢሮዎች አደረጃጀት ይወስናል፣ ሕጎቹም በአዲስ ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማሉ። አዲስ አበባ በፌዴራሉ ምክር ቤት 23 መቀመጫ ስላላት ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። የጉምሩክ፣ የባንክ ወይም የወንጀል ሕግ ጉዳይ ይዞ ወደ ከተማው ምክር ቤት መሄድ፣ የከተማውን በጀት ይዞ ወደ አራት ኪሎ መውጣት፣ ሁለቱም ቀን ማባከን ነው። ሦስተኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ እሱ ሕገ መንግሥት ይተረጉማል እንጂ እንዲህ ያለ አዋጅ አያወጣም።

ቀኑንና የስብሰባውን ስም ይያዙ

በሕገ መንግሥቱ መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ መደበኛ ስብሰባ የሚደረገው ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ነው። ሌሎቹን ቀናት ቋሚ ኮሚቴዎች ይወስዷቸዋል።

ከሰኔ 30 በኋላ ሁሉም ነገር ተዘግቷል ብሎ መዘናጋት ግን አይገባም። የደመወዝተኛውን ኪስ የሚነካው የገቢ ግብር ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ የጸደቀው በሐምሌ 2017 ነው። ከግብር ነጻ የሆነውን የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ያደረገው እሱ ነው። በጥሪ የሚደረጉ እንዲህ ያሉ ስብሰባዎች በማክሰኞና ሐሙስ ልማድ አይገዙም።

እያንዳንዱ ስብሰባ «የ6ኛ ዙር፣ 4ኛ ዓመት፣ ይህን ያህልኛ መደበኛ ስብሰባ» የሚል ሙሉ ስም አለው። ዙሩ የሚቆጠረው በምርጫ ሲሆን 6ኛው ሥራ የጀመረው መስከረም 24 ቀን 2014 ነው። ዓመቱ ከመስከረም ወዲህ ያለው የሥራ ዘመን ነው። ይህን ስም እንዳለ ይጻፉት። ቃለ ጉባኤም ሆነ ቪዲዮ በኋላ የሚፈለገው በሱ ነው፤ «ባለፈው ሳምንት የነበረው» ተብሎ የተጠየቀ ሰነድ አይገኝም።

በአካል ወይስ በስክሪን?

ሕገ መንግሥቱ ስብሰባው በግልጽ ይካሄዳል ይላል። በተግባር ግን ከአራት ኪሎ አደባባይ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲወርዱ ባለ ሰዓት ማማውን ሕንጻ አይቶ ዘው ማለት አይቻልም። አስቀድሞ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር መነጋገርና መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። በቡድን የሚመጡ ከሆነ ከተቋምዎ ደብዳቤ ቢይዙ ይቀልዎታል። ሕጉን ለመከታተል ብቻ ከሆነ የቴሌቪዥን ሥርጭቱ ይበቃል፤ ቆም አድርጎ መልሶ መስማት ስለሚቻል እንዲያውም ይሻላል።

አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ የአጀንዳ ቁጥር፣ የረቂቁ ሙሉ ስም፣ ምን ተደረገ፣ ለየትኛው ኮሚቴ። አራተኛውን ዓምድ ሰፋ ያድርጉት።

አዳራሹ ሲከፈት

አፈ ጉባኤው አስቀድሞ የሚያረጋግጠው ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ነው፤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለባቸው። በ547 መቀመጫ ሲሰላ 274 ማለት ነው። ይህን ቁጥር መመዝገብ ሥራ ፈትነት አይደለም። ልዩ ድንጋጌ ከሌለ ውሳኔ የሚያልፈው በስብሰባው ላይ በተገኙት አብላጫ ድምጽ ነው። 274 ሰው ተገኝቶ 138 እጅ ከወጣ አዋጅ ይጸድቃል፤ ይህም ከጠቅላላው መቀመጫ ሩብ ያህል ነው። በጸጥታ የሚያልፈውን የመገኘት ቁጥር ካልያዙ የኋላውን የድምጽ ውጤት መመዘን አይችሉም።

ቀጥሎ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል። ደቂቃዎች ነው የሚወስደው፤ ሻይ ለመቅዳት ይበቃል።

የመጀመሪያ ንባብ፦ እዚህ ላይ አይነቃነቁ

ረቂቁን የመንግሥት ተጠሪ ወይም ወኪሉ ያቀርባል። የሚነበበው ሙሉው ሕግ አይደለም፤ ከረቂቁ ጋር የሚመጣው ሐተታ ዘምክንያት ፍሬ ነገር ነው፦ ነባሩ ሕግ ምን ጎደለው፣ አዲሱ ምን ይጨምራል። ሐተታው የአቅራቢው ክርክር መሆኑን አይርሱ። በሐተታው አንድ መስመር ያልተነካ አንቀጽ በረቂቁ ውስጥ ከባድ ቅጣት ይዞ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ የግድ ነው።

አባላት በጥቅል ይዘቱ ላይ አስተያየት ከሰጡ በኋላ አፈ ጉባኤው ረቂቁ እንዲመራ ድምጽ ያሰጣል። ጆሮ ሊሰጥ የሚገባው ለዚህ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በዋናነት ለእንዲህ ቋሚ ኮሚቴ፣ በተባባሪነት ለእንዲያ ቋሚ ኮሚቴ»። ሁለቱንም ይጻፉ፣ ከ«ዋናነት»ው ሥር ያስምሩ። የውሳኔ ሐሳብ የሚያዘጋጀው እሱ ስለሆነ አስተያየት የሚላከው ለሱ ነው። የተሳሳተ ኮሚቴ ዘንድ የደረሰ ደብዳቤ ዞሮ እስኪደርስ ረቂቁ ተመልሶ አዳራሽ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ረቂቅ፣ በተለይ የብድር ስምምነት፣ ኮሚቴ ሳይገባ በዚያው ቀን ሊጸድቅ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ለመጻፍ የሚገኘው ጊዜ ንባቡ ብቻ ነው። ሦስት ቁጥር ይያዙ፦ የእፎይታ ጊዜው (ዕዳው መከፈል ሳይጀምር የሚቆይበት)፣ ጠቅላላ የመክፈያ ዘመኑ፣ የወለዱ ወይም የአገልግሎት ክፍያው መጠን። «ከወለድ ነጻ» ማለት ያለ ወጪ ማለት አይደለም። የዓለም ባንክ አካል የሆነው የዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር (IDA) ብድር ወለድ ባይኖረውም 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ የሚታሰብበት ነው።

ለኮሚቴው አስተያየት መጻፍ

ረቂቁ ከተመራበት ቀን ጀምሮ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። ኮሚቴው አስረጂዎችን ይጠራል፣ ከባለድርሻ አካላት ጋር የውይይት መድረክ ያዘጋጃል፣ መድረኩንም አብዛኛውን ጊዜ በአጭር ማስታወቂያ ነው የሚጠራው። ጽሑፍዎን ጥሪ እስኪመጣ ድረስ አያቆዩት።

ከአንድ ገጽ፣ ቢበዛ ከሁለት አይበልጥ። ለእያንዳንዱ ነጥብ አራት ነገር፦ የአንቀጹና የንዑስ አንቀጹ ቁጥር፣ አሁን ያለው አነጋገር፣ እንዲተካ የሚፈልጉት አነጋገር፣ ምክንያቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር። «አዋጁ በደንብ አልታሰበበትም» የሚል ደብዳቤ ምን ያህል ቢረዝም ኮሚቴው ሊሠራበት አይችልም። «በአንቀጽ 12 ‹30 ቀናት› የሚለው ‹30 የሥራ ቀናት› ይባል» የሚል ግን እንዳለ ተገልብጦ ሪፖርት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱ። አንዱ ላይ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም ያድርግልዎት። ያለዚህ «አልደረሰንም» ቢባሉ መከራከሪያ የለዎትም።

ሁለተኛ ንባብ

ከሳምንታት በኋላ ኮሚቴው ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ይቀርባል። ረቂቁን ፊት ለፊት ዘርግተው ይስሙ፤ «ተሰርዞ»፣ «በሚል እንዲተካ»፣ «አዲስ ንዑስ አንቀጽ እንዲጨመር» የሚሉት ቃላት በመጡ ቁጥር እዚያው በእርሳስ ያርሙ። በየማኅበራዊ ገጹ የሚዘዋወረው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ረቂቅ ነው። ከጸደቀ በኋላ እሱን እያጣቀሱ መሟገት በዚህ ዘርፍ በጣም የተለመደው ስሕተት ነው።

ድምጽ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው፦ የሚደግፉ፣ የሚቃወሙ፣ ድምጸ ተአቅቦ ያደረጉ። «በሙሉ ድምጽ» እና «በአብላጫ ድምጽ» የተለያዩ ናቸው፤ በሁለተኛው ውስጥ የተቃውሞና የተአቅቦ ቁጥር አለ፣ ይጻፉት።

የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጥያቄ ቀን

ይህ ቀን ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። አባላት ተራ በተራ ጥያቄያቸውን ያቀርባሉ፣ መልሱ በአንድነት ተጠቃልሎ ለሰዓታት ይዘልቃል። ጥያቄዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያሉ ጠያቂው ከየትኛው ፓርቲ እንደሆነ ጨምረው ይመዝግቡ። መልሱ ሲጀመር የተነካው ላይ ምልክት ያድርጉ። በምሳሌና በቀልድ መካከል ሳይመለስ የሚቀር ጥያቄ አይጠፋም፤ የሚታየውም በዚህ ወረቀት ብቻ ነው። ዜና የተመለሰውን እንጂ ያልተመለሰውን አይዘግብም።

የበጀት ቀን ደግሞ ሰኔ ላይ ነው። አዲሱ ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጊዜው ይጣደፋል። ዋናውን ድምር ብቻ አይያዙ። የ2017 በጀት መጀመሪያ የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ ነበር፤ በዓመቱ ውስጥ ግን ከ580 ቢሊዮን ብር በላይ ተጨማሪ በጀት መጣ። ሰኔ ላይ ማኅደሩን የዘጋ ሰው ዓመቱን ሙሉ የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ኖረ።

ከጸደቀ በኋላ

አዋጁ ለፊርማ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይሄዳል። በ15 ቀናት ውስጥ ካልተፈረመ ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል። ከዚያ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል፤ የታተመው ቅጂ እዚያው አራት ኪሎ አካባቢ ካለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይገዛል። ከመጽደቅ እስከ መታተም ያለው ጊዜ አንዳንዴ ይረዝማል።

ሲፈልጉ ከቁጥሩ በኋላ ያለው ዓመት እንዳያሳስትዎት። በአማርኛው ዓምድ 979/2008 የተባለው የገቢ ግብር አዋጅ በእንግሊዝኛው ዓምድ 979/2016 ነው። ሁለት ሕግ አይደለም። የሁለቱ ዓምዶች ትርጉም ከተጋጨ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው።

ጋዜጣው እጅዎ ሲገባ ከመጨረሻው አንቀጽ ይጀምሩ። «ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ» ይላል፣ «ምክር ቤቱ ካጸደቀበት ቀን ጀምሮ» ይላል ወይስ ቀኑን ቆርጦ ያስቀምጣል? ከዚያ አንድ አንቀጽ ወይም ሁለት ወደ ላይ ከፍ ብለው የተሻሩትን ሕጎችና የመሸጋገሪያ ድንጋጌውን ያንብቡ። በአሮጌው ሕግ የተጀመረ ጉዳይ ካለዎት በየትኛው እንደሚያልቅ የተጻፈው እዚያ ነው።